352ኛው የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር፦ ኦማሃ ላይ አሜሪካኖችን የጠበቃቸው ማን ነበር?

የጉለሌው

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ጁን 6 ቀን 1944ቱ የኖርማንዲ ወረራ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ሲደጋገም አያለሁ። አሜሪካኖች ኦማሃ በተባለው ዳርቻ ላይ ያን ያህል ደም የፈሰሳቸው በሩሲያ የተፈተነ ምርጥ የጀርመን ክፍለ ጦር ሳያስቡት ስለገጠማቸው ነው ይባላል። ይህ ጦር 352ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ባለፈው ሳምንት በሌላ ክር ላይ ስንነታረክ ስለነበር ራሱን ችሎ ይወራበት ብዬ ከፈትኩት። ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን እኛ እንደምንቆጥረው አድርጌዋለሁ።

352ኛው የተቋቋመው በኖቬምበር 1943 እዚያው ኖርማንዲ ውስጥ ሳን ሎ ከተማ አካባቢ ነው። መነሻው በምሥራቅ ግንባር ተመትቶ የፈረሰው የ321ኛው ክፍለ ጦር ቅሪት ነበር። «ከሩሲያ የመጣ ጦር» የሚለው ስምም ከዚህ የመነጨ ነው። ነገር ግን ከሩሲያ የተረፉት መኮንኖችና የበታች ሹማምንት አጥንቱ ሆኑ እንጂ ሥጋው አዲስ ምልምል ነበር፤ ብዙው 17 እና 18 ዓመት የሞላው ጎረምሳ። በዚያ ላይ ከሶቪየት ምርኮኞች መካከል የተመለመሉ ረዳቶች በብዛት ነበሩበት። ጠቅላላ ቁጥሩ ከ12,000 ትንሽ አለፍ ይላል።

አዛዡ ዲትሪሽ ክራይስ የሽቱትጋርት ሰው ነው፤ በ1889 የተወለደ፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ያየ፣ በሩሲያም 168ኛውንና 355ኛውን ክፍለ ጦር የመራ። ሦስት የእግረኛ ሬጅመንቶች ነበሩት፦ 914ኛ፣ 915ኛና 916ኛ። በማርች 1944 ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ የ716ኛውን ክፍለ ጦር የምዕራብ ወሰን ተረከበ። የተሰጠው ስፋት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቀን ከሌት ግንድ እየቆረጡ አሸዋው ላይ ሲተክሉ፣ ፈንጂ ሲቀብሩ ከረሙ። የባሕር ዳሩን መከላከያ የሚመራው ፊልድ ማርሻል ሮሜል መሰናክሉ ቶሎ እንዲያልቅለት ስለፈለገ ለሥልጠና የተረፈው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ኦማሃ ላይ ምሽጎቹን ይዘው የነበሩት በአብዛኛው የነባሩ የ716ኛ ክፍለ ጦር ሰዎች ማለትም 726ኛው ሬጅመንት ናቸው። ከ352ኛው የተጨመሩት ከ916ኛው የመጡ ሻምበሎችና ከኋላ ያለው መድፈኛ ነው። 914ኛው ወደ ምዕራብ ኢዚኚ በኩል ነው ያለው። 915ኛው ባዬ አጠገብ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀምጧል። ታዲያ «ሙሉ ምርጥ ክፍለ ጦር ጠበቃቸው» የሚባለው ከየት መጣ? እኔ የምለው ተራ ጦር ነበር፤ ቦታው ግን ተራ አልነበረም። የሚቃወም ካለ ይምጣ።

ዳዊት አዳማ

ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል ግን አልገባኝም። ግንድ ሲቆርጥ የከረመ የ18 ዓመት ልጅ እንዴት ነው የዓለምን ትልቅ የባሕር ኃይል ለስድስት ሰዓት አሸዋ ላይ አንጋሎ የያዘው? ትንሽ እያሳነስካቸው አይመስልህም?

ጡረተኛው ኮሎኔል

ልጄ ዳዊት፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል። ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ እኔ ልመልሰው።

ኦማሃ ወደ ውስጥ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ዳርቻ ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል። በስተጀርባው ገደላማ አፋፍ አለ፤ ቦታ ቦታ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ይቆማል። ወደ ውስጥ የሚያስወጡት አምስት ሸለቆዎች ብቻ ናቸው። ተሽከርካሪ ከነዚህ ሌላ መውጫ የለውም። ጀርመኖች ምሽጎቻቸውን የሠሩት በነዚህ ሸለቆዎች አፍ ግራና ቀኝ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመድፉ አቀማመጥ ነው። የማያውቅ ሰው መድፍ ወደ ባሕር ፊቱን አዙሮ የሚቀመጥ ይመስለዋል። እነሱ ግን በጎን አስቀመጡት። ወደ ባሕሩ በኩል ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ አለው፤ አፈሙዙ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ጎን ይተኩሳል። መርከቦቹ ከፊት ሲያዩት ግድግዳ እንጂ ቀዳዳ አይታያቸውም። ከጀልባ የወረደው እግረኛ ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ይመታል። መትረየስ በጎን ሲተኩስ አንዱ ጥይት አንዱን ቢስት ሌላውን አይስትም። የእኛ ትውልድ መኮንኖች በሐረር አካዳሚ ከሕንድ አስተማሪዎቻችን መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለመተኮስ ምርጥ ወታደር መሆን አያስፈልግም። ቀበቶውን ማጉረስ የሚችልና የማይሸሽ ልጅ ይበቃል። መሸሻም አልነበራቸውም፤ ከኋላቸው ያለው ሜዳ በመርከብ መድፍ እየታረሰ ነው።

ምርጥ ጦር የሚታወቀው በምሽግ ውስጥ ሳይሆን ሲንቀሳቀስ ነው። 352ኛው የተፈተነው ተጠባባቂውን ሲያንቀሳቅስ ነው፤ የወደቀውም እዚያ ላይ ነው። እሱን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ጋሽ ኮሎኔል እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከወራሪዎቹ ወገን ልጨምር፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እኔ ለምኖርበት ሰፈር ሩቅ አይደለም።

ኦማሃ ላይ የወረዱት ሁለት ክፍለ ጦሮች ናቸው፦ 1ኛውና 29ኛው። 29ኛው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ብሔራዊ ዘብ ነው። እዚህ በየካፌው ቡና የምንጠጣባቸው ከተሞች ልጆች ማለት ነው። ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤድፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ያኔ ነዋሪዋ 3,200 ያህል ነበር። የ116ኛው ሬጅመንት አንደኛ ሻምበል ከዚያ ነው የተመለመለው። በዚያች አንዲት ጠዋት የከተማዋ 19 ልጆች ሞቱ። ብሔራዊው የኖርማንዲ መታሰቢያ ዋሽንግተን ሳይሆን እዚያ ገጠር ውስጥ የተሠራውም ለዚህ ነው። የሐበሻ ታክሲ ነጂ ወዳጆቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከዲሲ አራት ሰዓት ገደማ ይነዳል፣ ለምትችሉ ሂዱ።

ስለ 352ኛው ስንነጋገር አሜሪካኖቹ ራሳቸው ምን እንደጎደላቸው መርሳት የለብንም። 400 ከሚበልጡ ከባድ ቦምብ ጣዮች አንዱም የባሕሩን ዳር አልመታም። ደመና ነበረ፣ የራሳችንን ጀልባዎች እንዳንመታ ብለው ቦምቡን ለጥቂት ሰከንዶች አዘገዩት፤ ቦምቡ ወደ ውስጥ ገብቶ የገበሬ ማሳ ላይ አረፈ። ከዚያ የሚንሳፈፉት ታንኮች ነገር አለ። 741ኛው የታንክ ሻለቃ 29 ታንክ ውኃ ላይ አወረደ፤ 27ቱ ሰመጡ። ስለዚህ ከጠዋቱ 12:30 ላይ መጀመሪያ የወረደው እግረኛ ቦምቡ ያጸዳለት ምሽግ የለም፣ ከፊቱ የሚሄድ ታንክ እምብዛም የለም። ማንኛውም ጦር እዚያ አፋፍ ላይ ቢቀመጥ ያንኑ ውጤት ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መረጃውም ላይ ቢሆን እንግሊዞቹ 352ኛው ወደ ዳር ወርዷል ብለው የጠረጠሩት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። መርከብ ላይ የተጫነው ወታደር ግን 716ኛው ይጠብቅሃል ተብሎ ነው የሄደው፤ ሽማግሌና በሽተኛ የበዛበት ጦር ተብሎ።

ሰላሌ

የመረጃው ጉዳይ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ለረጅም ጊዜ «352ኛው በአጋጣሚ ለልምምድ ወርዶ ነበር» ሲሉ ኖረዋል። አጋጣሚ አልነበረም፤ ክፍለ ጦሩ ከማርች ጀምሮ እዚያው ነው። አጋጣሚ ካላሉት ለሦስት ወር ሙሉ እንዴት አጣችሁት የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያን መመለስ ደግሞ ለመረጃ ሹም አይጥምም። «ምርጥ ጦር ነው» የሚለውም ለሁለቱም ወገን ይመች ነበር፤ አሜሪካን ለምን እንደደማ ያስረዳለታል፣ ጀርመኑ ደግሞ ስሙ ከፍ ይልለታል።

ማርታ ከፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁ። ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ቆጠቆጠኝ። ስለ መድፍ አቀማመጥ፣ ስለ አጥንትና ሥጋ እያወራን ነው፤ ይህ ጦር ለማን ይዋጋ እንደነበር ግን ማንም አላነሣም። የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር ሲባል ከናዚ ፓርቲው ጦር ከኤስኤስ የተለየ፣ ንጹሕ፣ ሥራውን ብቻ የሚሠራ ወታደር ተደርጎ ይሳላል። እዚህ ጀርመን ይህ ሥዕል የፈረሰው ከ1995 ጀምሮ የሠራዊቱን ወንጀሎች የሚያሳይ ዐውደ ርዕይ ከከተማ ከተማ ሲዞር ነው። ሰልፍ ወጥቶበታል፣ ፓርላማ ድረስ ተከራክረውበታል።

ስለ እግረኛ ክፍለ ጦር ካነሣችሁ 295ኛውን ላንሣላችሁ። በኦገስት 1941 በዩክሬን ቢላ ጸርክቫ በምትባል ከተማ፣ ወላጆቻቸው ቀድመው የተረሸኑ ወደ 90 የሚጠጉ የአይሁድ ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። ጡት የሚጠባ ሕፃንም ነበረባቸው። ምግብም ውኃም የለም። ለቅሶው ያልቻሉ ወታደሮች ለጦሩ ቄሶች ነገሩ፤ ቄሶቹ ለ295ኛው የዘመቻ መኮንን ለሌተና ኮሎኔል ሄልሙት ግሮስኩርት አመለከቱ። ሰውየው ግድያውን አስቁሞ ለበላይ ጻፈ። የበላዩ የ6ኛው ሠራዊት አዛዥ ራይሼናው ነው። የመጣው መልስ «ይቀጥል» ነበር። ልጆቹ ኦገስት 22 ተገደሉ። ግሮስኩርት ከሠራዊቱ አልወጣም፤ በኋላ የ11ኛው ኮር ኤታ ማዦር ሆኖ እስከ ስታሊንግራድ ሄደ፣ ተማርኮ በ1943 በታይፈስ ሞተ።

በአንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማን ምን ያውቅ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ስለ 352ኛው ስታወሩ ይህን ከጎን አስቀምጡት።

አንበርብር 77

እህቴ ርዕሱ 352ኛው ነው። 295ኛው ሌላ ጦር፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ዓመት ነው። ሁሉንም ነገር ከሁሉም ጋር ካደባለቅን ክሩ መቼም አያልቅም። ለሱ ሌላ ክር ክፈቺለት።

አወያይ

ማርታ ያነሣችው ከርዕሱ አይወጣም፤ ስለ ክፍለ ጦር ታሪክ እያወራን ክፍለ ጦሩ የሠራውን ማንሣት ክልክል አይደለም። አንበርብር፣ በጨዋ ደንብ እንነጋገር። ቀጥሉ።

የጉለሌው

ማርታ አመሰግናለሁ። እኔም ላክልበት። የ352ኛው አጥንት ያልኩት 321ኛው በ1943 የነበረው ከመካከለኛው ሠራዊት ቡድን ጋር ነው። ያ ሠራዊት በዚያ በጋና መኸር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መንደር እያቃጠለ፣ ከብት እየነዳ፣ ጉልበት ያለውን ሕዝብ ለሥራ እያገዘ ነው የወጣው፤ ይህ በትእዛዝ የተፈጸመ ነው። ከዚያ የተረፉት የበታች ሹማምንት ናቸው ኖርማንዲ ላይ ጎረምሶቹን ያሠለጠኑት። «ከሩሲያ ልምድ ይዘው መጡ» ሲባል ልምዱ ምን ምን እንደነበር አብሮ መታወቅ አለበት።

ሌላው ረዳቶቹ ናቸው። በክፍለ ጦሩ ውስጥ ፈረስ የሚጠብቁ፣ ዕቃ የሚያመላልሱ የሶቪየት ምርኮኞች ነበሩ። ከሱ ውጭ 439ኛው የሚባል ከነዚሁ ሰዎች የተቋቋመ ሙሉ ሻለቃ ለ352ኛው ተመድቦ ኢዚኚ አካባቢ ነበር። በእስረኛ ካምፕ በረሃብ ከመሞትና የጀርመን ልብስ ከመልበስ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ነው። 1941 እና 1942 ላይ በጀርመን እጅ የሞቱት የሶቪየት ምርኮኞች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት።

ዳዊት አዳማ

ጋሽ ኮሎኔል፣ ተጠባባቂውን እመለስበታለሁ ብለው ነበር። እየጠበቅን ነው።

ጡረተኛው ኮሎኔል

እሺ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስለነበረ ነው የዘገየሁት።

የ915ኛው ሬጅመንት አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ካርል ማየር ይባላል። ሁለት የራሱ ሻለቆችና የክፍለ ጦሩ ፊውዚሊየር (ቀላል እግረኛ) ሻለቃ ተደምረው የማየር ግብረ ኃይል ተባሉ። ባዬ አጠገብ ተቀምጠው የኮሩ፣ ማለትም ከክፍለ ጦሩ በላይ ያለው እዝ፣ ተጠባባቂ ናቸው። ልብ በሉ፣ የኮሩ እንጂ የክራይስ አይደለም። ክራይስ ያለ በላዩ ፈቃድ ሊያዝባቸው አይችልም። 50 ኪሎ ሜትር የሚጠብቅ አዛዥ በእጁ ያለው አንድ ጠንካራ ጡጫ የራሱ አለመሆኑን አስቡት።

የኮሩ አዛዥ ጄኔራል ኤሪክ ማርክስ ነው፤ ሩሲያ ላይ አንድ እግሩን ያጣ፣ ጎበዝ የሚባል ሰው። ጁን 6 ልደቱ ነበር። ሌሊቱን ሳን ሎ ላይ መኮንኖቹ እንኳን ተወለድክ ሊሉት ሲሰበሰቡ አየር ወለድ ወረደ የሚል ወሬ ከየአቅጣጫው መግባት ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ማየር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቪር ወንዝ አፍ በኩል እንዲነሣ ታዘዘ። ከካራንታን ጋር ያለው መገናኛ እንዳይቆረጥ ነው ሐሳቡ።

ማየር ተነሣ። ግን በምን? ከፊሉ በብስክሌት ነው፤ ከፊሉ ከፈረንሳዮች በተወሰደ አሮጌ ካሚዮን፣ ነጂዎቹም ፈረንሳዮች። ካሚዮኑ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ነጂው ተበላሸብኝ ይላል። ሊነጋ ሲል ክራይስ የባሕሩን ተኩስ ሰምቶ «ቁሙ» አለ። ቀጥሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ሻለቃ ወደ ኦማሃ፣ ወደ ኮልቪል እንዲሄድ ተባለ። ጥቂት ቆይቶ የቀሩት ሁለቱ ዞረው ወደ መጡበት ወደ ምሥራቅ፣ እንግሊዞች ወደወረዱበት ወደ ክሬፖን እንዲያጠቁ ታዘዙ። ሌሊቱን በብስክሌት የሄዱትን መንገድ አሁን በቀን ብርሃን፣ የጠላት አውሮፕላን ከላይ እያየ ሊመለሱት ነው።

ከሰዓት በኋላ እንግሊዞቹን ሲያገኙ የጠበቁት መልሶ ማጥቃት ቀርቶ ራሳቸው ተጠቁ። ማየር ተገደለ። ማምሻውን ከነዚያ ሁለት ሻለቆች ከመቶ ያነሰ ሰው ነው የተሰበሰበው።

ለወጣት መኮንን የማስተምረው ቢኖረኝ ይህን አስተምር ነበር። ተጠባባቂን መከፋፈል፣ ያውም ደክሞ፣ ያውም በተለያየ አቅጣጫ። ሦስቱም ሻለቆች ኮልቪል ላይ ከረፋዱ በፊት ቢደርሱ የዚያን ቀን ታሪክ ምን ይሆን ነበር? እግዜር ይወቀው።

ዳዊት አዳማ

እኔ የሰማሁት ደግሞ ማየርን ያስኬዱት አየር ወለዶች ሳይሆኑ አሻንጉሊቶች ናቸው! እንግሊዞች በፓራሹት የጨርቅ አሻንጉሊት ጥለው ጀርመኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳድዷቸው ነበር የሚባለው እውነት ነው? 😂

ሰላሌ

አሻንጉሊቶቹ እውነት ናቸው። ዘመቻው ታይታኒክ ይባላል። ከሳን ሎ በስተ ምዕራብ ማሪኚ አጠገብ 200 ያህል ተጥለዋል፤ ሲያርፉ እንደ ተኩስ የሚንጣጣ ነገር ተገጥሞላቸዋል፣ ጥቂት የእንግሊዝ ልዩ ጦር ሰዎችም አብረው ወርደው ጫጫታውን አሙቀውታል። ታሪኩ ስለሚያስቅ ሁሉም ሰው ማየርን ያስኬደው እሱ ነው ይላል።

እኔ ግን አልቀበለውም። ማየር የታዘዘው ወደ ማሪኚ አይደለም፤ ወደ ቪር አፍና ወደ ካራንታን ነው። እዚያ በኩል እውነተኛ አሜሪካኖች ነበሩ፤ 101ኛውና 82ኛው አየር ወለድ በነፋስና በደመና ተበታትነው በየማሳው ወርደዋል፣ አንዳንዱም ከታሰበበት ብዙ ርቆ። ማርክስ በዚያ ሰዓት ያለውን ወሬ ይዞ ያደረገው ነገር ሞኝነት አልነበረም። ካራንታን ቢቆረጥ ኮሩ ለሁለት ይከፈላል። ጋሽ ኮሎኔል በአክብሮት፣ ማርክስ ላይ ትንሽ ጨክነውበታል።

ጡረተኛው ኮሎኔል

ማርክስን አልወቅስም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትክክል ነው። እኔ የምለው ከነጋ በኋላ ስላለው ነው። አንዱን ሻለቃ ለኦማሃ፣ ሁለቱን ለእንግሊዞች ብሎ መክፈል። ሁለቱንም ለማዳን ሲል አንዱንም አላዳነም።

ሰላሌ

እሱ ላይ እንስማማለን። ግን ክራይስ ያን የከፈለው በስተ ምሥራቅ ያለው የ716ኛው ጦር ስለተናደ ነው። እንግሊዞቹ ከጎኑ ገብተው ወደ ባዬ እያመሩ ነው። ኦማሃን ብቻ ቢያይ ከኋላው ይታጠፍ ነበር።

የጉለሌው

ክራይስ ኦማሃን የናቀበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም የሚያስገርመኝም እሱ ነው። የ916ኛው ታዛቢዎች ከምዕራቡ ገደል ላይ ሆነው ጠዋቱን ሙሉ የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ የሚቃጠል ጀልባ፣ የቆመ ታንክ፣ ከአሸዋው የማይነሣ እግረኛ። ለበላይ የሚልኩትም ይህንኑ ነው። ከቀኑ 7:35 ገደማ የክፍለ ጦሩ ኤታ ማዦር ለ7ኛው ሠራዊት፣ ጠላት ወደ ባሕር ተጥሏል፣ ውጊያ ያለው ኮልቪል ላይ ብቻ ነው ብሎ አስታወቀ።

በሌላ በኩል የአሜሪካው አዛዥ ጄኔራል ብራድሌይ ኦገስታ በተባለችው መርከብ ላይ ሆኖ ከረፋዱ ጀምሮ ኦማሃን ትቶ የቀረውን ጦር ወደ ሌላ ዳርቻ ላዙር ወይ እያለ ሲያብሰለስል ነበር። ከቀኑ 7:30 ላይ ነው መልእክት የደረሰው፤ አሸዋው ላይ ተጣብቆ የነበረው ወታደር አፋፉን እየወጣ ነው የሚል። በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ የሚል ወረቀት በእጁ ይዟል። ትክክለኛው የብራድሌይ ነበር።

ጀርመኖቹ ያላዩት ምንድነው? አሜሪካኖቹ በሸለቆዎቹ መውጣት አቅቷቸው በየሸለቆው መካከል ያለውን ገደል በትናንሽ ቡድን መቧጠጥ መጀመራቸውን ነው። ዲስትሮየር የሚባሉት የጦር መርከቦችም መሬት ሊነኩ እስኪደርሱ ተጠግተው ምሽጎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ነበር። በዚህ ላይ የ352ኛው መድፈኛ ከቀትር በፊት ጥይት እያለቀበት ሄደ፤ ተጨማሪ የሚያመጣው መኪና ደግሞ በአውሮፕላን እየተመታ አይደርስም።

አንበርብር 77

ስለ ሰቨርሎህ ማንም አላነሣም። 62 ቁጥር ምሽግ ላይ በአንድ መትረየስ ከሺህ በላይ አሜሪካን ጣለ የሚባለው። «የኦማሃው አውሬ» ብለውታል። እሱ ተራ ወታደር ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሃይንሪሽ ሰቨርሎህ የሰሜን ጀርመን ገበሬ ልጅ ነው፤ የ352ኛው መድፈኛ ሬጅመንት ወታደር። ሥራው የመድፍ ታዛቢውን የሌተና ፍሬርኪንግን ማገልገል ነበር፤ መትረየሱን የያዘው እግረ መንገዱን ነው። ከ12,000 በላይ ጥይት ተኮስኩ ብሎ ተናግሯል። እስከ ከሰዓት በኋላ መተኮሱን አምናለሁ፤ 62 ቁጥር ከሁሉም ጠንካራው ምሽግ ነበርና። ፍሬርኪንግ እዚያው ሞተ፣ ሰቨርሎህ አምልጦ ተማረከ።

ቁጥሩን ግን አስላው። በዚያ ቀን በጠቅላላው ኦማሃ የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው አሜሪካዊ በብዙዎች ግምት ከ2,000 እስከ 2,500 አካባቢ ነው። የተበተነውም በስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። 62 ቁጥር የሚያየው የምሥራቁን ክፍል ነው። የቤድፎርድ ልጆች ያለቁት በምዕራቡ ጫፍ ቬርቪል ላይ፣ ከሱ ጥይት ርቀው ነው። እዚያው ምሽግ ውስጥ ሌሎች መትረየሶች፣ ሞርታሮች፣ መድፎች አሉ። ከሺህ በላይ በአንድ ሰው እጅ የሚለው በሒሳብ አይሄድም። ሰውየውን ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደው ነገር ስለሆነ ቁጥሩ በአእምሮው ውስጥ ቢያድግ አይፈረድበትም፤ ጋዜጠኞቹ ላይ ግን ይፈረዳል።

ማርታ ከፍራንክፈርት

62 ቁጥር አሁንም አለ። ከሱ አጠገብ፣ አፋፉ ላይ ነው የአሜሪካኖቹ መካነ መቃብር ያለው፤ ከ9,000 በላይ ነጭ መስቀልና የዳዊት ኮከብ። ቱሪስቱ ሁሉ እዚያ ነው። ከሱ ትንሽ ወደ ምዕራብ ላ ካምብ የሚባለው የጀርመኖቹ መቃብር አለ፤ ከ21,000 በላይ ሰው ያለበት፣ ጥቁር ድንጋይ፣ አምስት አምስት ሆነው የቆሙ አጫጭር መስቀሎች። ከ352ኛው ብዙ ልጆች እዚያ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ስታነቡ 18፣ 18፣ 19 ይላል። በዚያው ሣር ውስጥ በኦራዱር ሱር ግላን መንደር ሕዝብ የፈጀው የኤስኤስ መኮንን ዲክማንም ተቀብሯል። እኔ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማሰብ ተቸግሬያለሁ፤ እናንተም ተቸገሩ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዳዊት አዳማ

ከጁን 6 በኋላስ? ጦሩ ወዴት ገባ? ሰባተኛው ቀን ላይ ያለ ነበር?

የጉለሌው

ነበረ፣ ግን በስሙ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 1,200 ያህል ሰው አጣ፤ ከሁሉ የከፋው የሚተካ አለመምጣቱ ነው። ፑዋንት ዱ ኦክ ገደል ላይ የወጡትን ሬንጀሮች (የአሜሪካ ልዩ ጦር) 914ኛው ሌሊት ላይ ደጋግሞ አጠቃቸው፤ 225 ወርደው ድጋፍ ሲደርስላቸው ለውጊያ የሚቆም 90 ያህል ነበር፣ ገደሉን ግን አልለቀቁም። ጁን 9 ኢዚኚ ወደቀች። ክራይስ የቀረውን ይዞ ወደ ኤል ወንዝ ሸሸ፤ ሲሸሽ በግራው ትልቅ ክፍተት ተከፈተ፣ የአሜሪካ 1ኛ ክፍለ ጦር በዚያ ገብቶ ጁን 13 ኮሞን ከተማን ያዘ። ማርክስ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአውሮፕላን ተመትቶ ሞቷል።

ከዚያ እስከ ጁላይ በየአጥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ የሳን ሎ ውጊያ ነው። 352ኛው በዚህ ጊዜ ከተለያዩ ክፍለ ጦሮች የተለቃቀመ ሰው ተሰፍቶበት ነው የቆመው። በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ያው የኦማሃው 29ኛ ክፍለ ጦር ነው። ሁለቱ ለስድስት ሳምንት እየተላለቁ ወደ ደቡብ ወረዱ። ከተማዋ ጁላይ 18 ስትያዝ ፍርስራሽ ነበረች። ክራይስ ኦገስት 2 ቆስሎ ኦገስት 6 ሞተ፤ ከወረራው ልክ ሁለት ወር በኋላ።

ሰላሌ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ እዚያ አላበቃም። በሴፕቴምበር 1944 ፍሌንስቡርግ ላይ 352ኛ ፎልክስግሬናዲየር («የሕዝብ እግረኛ») ክፍለ ጦር ተብሎ እንደገና ተቋቋመ። የሬጅመንቶቹ ቁጥር ያው 914፣ 915፣ 916 ነው፤ ሰዎቹ ግን መርከብ ያጡ ባሕረኞችና አውሮፕላን ያጡ የአየር ኃይል ልጆች ናቸው። ዲሴምበር 16 አርዴን ላይ የኡር ወንዝን ተሻግሮ ሉክሰምበርግ ገባ። የገጠመው የፔንሲልቬንያው 28ኛ ክፍለ ጦር 109ኛ ሬጅመንት ነው። ዲኪርሽን ያዘ፣ ኤተልብሩክ ደረሰ። ገና ሊሆን ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን 80ኛ ክፍለ ጦር ከደቡብ መጥቶ መንገድ ላይ በሰልፍ ሲጓዝ አገኘው።

ዳዊት አዳማ

ይሄኛውን ደግሞ በዝርዝር። አዛዡ ማን ነበር? ኮሎኔል እርስዎም ይግቡበት።

ጡረተኛው ኮሎኔል

ኮሎኔል ኤሪክ ሽሚት ይባላል፤ እሱም እዚያው ቆስሏል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ጸሐፊዬ ትምህርት የለውም። ጠዋት እጽፋለሁ።